ቀድሞኝ የደረሰው ቺንጋ

አዳማ፣ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ መግቢያ ላይ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሄጄ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ እለጥፍበታለሁ። ርእሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “ከዕለት ኑሯችን”። የሰፈራችን የውኃ መስመር ሲፈነዳ ስለ ቁጣ ጻፍኩ። መብራት ጠፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሻማ ሲዋዋስ ስለ ምጽዋት ጻፍኩ። ስሜን ግን ጽፌበት አላውቅም። ዓይን አፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እጄን አውጥቼ ጥያቄ የጠየቅሁበትን ቀን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ስለነበረ።

ባለፈው ኅዳር አባቴ ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ መካነ ሰላም ላከኝ። ስመለስ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች “እኛ መቼም አናየውም፣ ያየሽውን ጻፊልን” አሉኝ። ስሄድ አዲስ ደብተር ገዝቼ ነበር፤ ቢያንስ አሥር ትምህርት ይዤ እመለሳለሁ ብዬ። ይዤ የተመለስኩት አንድ ነው። እሱም ደብተሩ ላይ የለም።

ማክሰኞ

ነገሩ የጀመረው እሑድ ዕለት በስልክ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ እታፈራሁ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ባለ ገጠር የናፍጣ ወፍጮ አላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሞተሩን የምታስነሳውም የምትጠግነውም ራሷ ናት። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ምእመናኑ ከየቤታቸው ገብስና ስንዴ ያዋጣሉ፤ ለንግሡ ከሌላ ደብር የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚመገበው ከዚያ ነው። ያንን እህል በነጻ የምትፈጨው እሷ ናት። ስለቷም ክብሯም ይኸው ነው። ዘንድሮ ንግሡ ቅዳሜ ሊውል፣ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው ተበጠሰ። ቢቀጥሉት እንደገና ተበጠሰ። በዚያ ርዝመትና ስፋት ደግሞ መካነ ሰላም ላይ ጠፋ።

“እስከ ዓርብ ካልፈጨሁ የንግሡ ኮሚቴ እህሉን ጭኖ ከተማ ሊያስፈጭ ነው” አለችው አባቴን። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና እኔም እሰማለሁ። “አንዴ ከደጄ ከዞረ ወንድሜ፣ በቃ አይመለስም። ‘ድሮስ ሴት የያዘችው ሞተር’ የሚሉኝ ሰዎች ተሰናድተው እየጠበቁኝ ነው።”

አባቴ ቺንጋውን በሁለት ቀን ውስጥ አዳማ ላይ ፈልጎ አገኘው። ወገቡን ያመዋልና መንገዱን አይችለውም። ስለዚህ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ፣ የሕፃን ልጅ ያህል የሚከብድ፣ ጎማ ጎማ የሚሸት ጥቁር ነገር ታቅፌ የምሄደው እኔ ሆንኩ። የካርቶን ቁራጭ ላይ “መካነ ሰላም፣ ለወይዘሮ እታፈራሁ ወፍጮ ቤት” ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩና አሰርኩበት።

“አደራ የሚለውን ጨምሪበት” አለኝ አባቴ።

“ራሴ ይዤው እየሄድኩ?”

“አንቺ ‘የእኔ ነው’ ለማለት እንኳ ታፍሪያለሽ። ወረቀቱ ይናገርልሽ።”

ትርፍ ነገር መሰለኝ፤ ግን ጻፍኩ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ገብቼ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ዘመድ ቤት አደርኩ።

ረቡዕ

የወረኢሉው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ረዳቱ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። ቺንጋውን እግሬ መካከል ሲያየው “እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዘንዶ ነው?” አለና መኪናው ሁሉ ሳቀ። ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ።

አዳማ ላይ ሜዳ ለምዶ ያደገ ሰው የጀማን ገደል ሲወርድ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም ጨፈንኩ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ደረቴን ያሰርኩበትን ነጠላ ፈታሁ፤ የአዳማ ሙቀት እዚያ ገደል ሥር ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። ወንዙን ተሻግረን ደግሞ ያንኑ ያህል ወጣን። ደብተሬን አወጣሁና “ለመውጣት አስቀድሞ መውረድ፤ ስለ ትሕትና” ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። አንድ ብያለሁ።

ደጎሎ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ዳገት ላይ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። በሁለቱም በኩል የታጨደ የገብስ ማሳ ነው፤ ነዶው ተከምሮ ፀሐይ ላይ ያበራል። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰማዩም ቅርብ ነው። ይህ የአባቴ አገር መጀመሪያ መሆኑን ሳስብ ያላሰብኩት ኩራት ተሰማኝ። ዞር ስል ግን ረዳቱ ታኮ የሚሆን ድንጋይ አጥቶ የእኔን ቺንጋ ከኋላ ጎማው ሥር ወሽቆታል።

ምንም አላልኩም። “ተው፣ የአክስቴ ክብር ነው” ማለት ነበረብኝ። ቆሜ አየሁት። ጎማው ተቀይሮ አውቶቡሱ ሲነሳ ቺንጋውን ከአቧራው አንስቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ጉዳት አልደረሰበትም። ለራሴ “ዝምታም ትዕግሥት ነው” አልኩ። እሱንም ጻፍኩት። ሁለት።

ደጎሎ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለደረስን ጾሜን እዚያ ፈታሁ። ሽሮ ነበር፤ በአዳማው ላይ የምናበዛው በርበሬ የለበትም፣ እንጀራው ግን ወፈር ያለና የሚያጠግብ ነው። ወረኢሉ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ነከሰኝ። አዳማ ላይ በዚያ ሰዓት ሰው በር ከፍቶ ነፋስ ይፈልጋል፤ እዚህ በር ዘግቶ እሳት ይፈልጋል።

ተሳፋሪዎቹ ያሳዩኝ ማደሪያ የአንዲት ሴት ቤት ነው። እትዬ ዘሀራ ይባላሉ። ሰፊ፣ ሳቂታ፣ እጃቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ገና በር ላይ እንዳየችኝ፣ ማለቴ እንዳዩኝ፣ (በዚያ ቤት ውስጥ አንቱታው እየጠፋብኝ ነበር፤ እንደ እናት ናቸው) “ነይ ግቢ ሆዴ፣ ብርዱ ይጥልሻል” አሉኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው፣ “ረቡዕ ነው አይደል? አብሽሪ። የጾም ድስት ለብቻው አለኝ፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም” አሉ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው፤ በዚያ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። በሆቴል እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም።

ቺንጋውን ክፍሌ ባስገባው ሽታው አላስተኛኝ ይላል ብዬ በፊት ለፊቱ ክፍል፣ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ምስር ወጥ በልቼ፣ ከላይ ሁለት የሱፍ ባና ተደርቦልኝ ተኛሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንኳ የሆነ አይመስለኝም።

ሐሙስ

ጠዋት ስነሳ በሩ አጠገብ ቺንጋው የለም።

እትዬ ዘሀራ እንቁላል እየጠበሱ ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። “ሄደልሽ!” አሉኝ።

“ምኑ?”

“ዕቃሽ ነዋ! ማታ አንቺ እንደተኛሽ ሰይድ ወደ መካነ ሰላም ሊጭን መጣ። ወረቀቱን አነበብንለት፤ አደራ ይላል። የአደራ ዕቃ መኪና እያለፈ እቤቴ ያድራል እንዴ? ጫንኩልሽ። ለምን ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ትሰቃያለሽ?”

“የትኛው ሰይድ?”

“ሰይድ ነዋ፣ ሹፌሩ።”

“ስልኩን ያውቁታል?”

“ኧረ እሱ ስልኩ አይሰራም። ግን እሱን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።”

“ለምን አልቀሰቀሱኝም?” ያልኩት በጣም ቀስ ብዬ ስለነበር የሰሙኝ አይመስለኝም። ሰምተውኛል።

“እንግዳ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል እንዴ፣ ውይ! ‘አደራ’ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?”

ዕቃ ለመሰብሰብ ብዬ ክፍሌ ገባሁና በጉልበቴ ተንበርክኬ አልጋው ሥር አየሁ። ከዚያ በጓዳው በኩል ሳልፍ አንገቴን አስግጌ ከጆንያዎቹ ኋላ አየሁ። በልቤ ምን እንዳሰብኩ እዚህ መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ሸጠውታል ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ የጾም ድስት፣ ሁሉም እኔን ለማስተኛት መሰለኝ። ሰው እንዲህ የሚያስብበት ፍጥነት ያስፈራል። የማደሪያዬን ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የጠበሱልኝን እንቁላል ሳልነካ፣ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

በካቤ በኩል ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው መኪና አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ አያ ይመር። ወሎ ውስጥ ይመር ከሚለው ስም ተነስቶ የሰውን ሃይማኖት መገመት አይቻልም። ሲቀመጡ “ቢስሚላህ” ብለው ነበርና ሙስሊም ናቸው አልኩ። ቆይቶ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አንገታቸው ላይ የጠቆረ ማተብ አየሁ። አዳማ ላይ በስምና በሰላምታ ሰው እንለያለን፤ እዚህ አገር እንደዚያ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሳሳት ይውላል።

እንባዬ ሲመጣ ያዩኝ እሳቸው ናቸው። ሳልፈልግ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥርጣሬዬን ብቻ ተውኩት።

“ሰይድ?” አሉና ሳቁ። “ልጄ፣ በዚህ አገር ገበያ መሐል ሰይድ ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ገበያ ነው ዞሮ የሚያይሽ። አብሽሪ፣ እንጠይቃለን።”

“ኧረ ይተዉት አያ ይመር...”

አልተዉትም። መኪናው በቆመበት ሁሉ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው “የወፍጮ ቺንጋ የጫነ ሰይድ አልፏል?” ብለው ይጮኻሉ። እኔ ወንበሬ ውስጥ ልሰምጥ እደርሳለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ የእኔን ጉዳይ የራሱ አደረገው። አንዷ “የሚካኤል እህል ነው አሉ!” ትላለች፤ ከኋላ ሌላው “የእታፈራሁ ወፍጮ? አውቃታለሁ፣ ጎበዝ ናት!” ይላል። ከዚያ በፊት የማላውቀው ሰው አክስቴን ሲያመሰግን ሰምቼ ደረቴ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ባዶ እጄን አየሁት።

አቀስታ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት “ሰይድ? ማታ አለፈ እኮ” አለች። ልቤ ተነሳ። “ወደ ማሻ ነው የሄደ፤ ጎማ ነገር ጭኗል።”

ማሻ በሌላ መንገድ ነው። አያ ይመር እንኳ አንገታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ሲወርዱ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “ሚካኤል የራሱን እህል ያውቃል” አሉኝ። ላምናቸው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ጠራ። አክስቴ እታፈራሁ ናት። ቺንጋው የት ደረሰ ልትለኝ ነው። ምን እላታለሁ? እስኪዘጋ ድረስ አየሁት። ቆይቶ እንደገና ጠራ። መካነ ሰላም ስገባ ሦስተኛ ጊዜ ጠራ። አላነሳሁም። ስልኩን አጠፋሁትና አንዲት ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። ከተማው ከጠበቅሁት የሰፋ ነው፤ ሰዉም ደህና ለባሽ፣ መንገዱም ሰው የበዛበት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ጸሎት ስጀምር “ቺንጋውን አግኝልኝ” አልኩ። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

ዓርብ

ጠዋት ሱቆች ሲከፈቱ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነበርኩ። አራት ቤት ገባሁ። ለወትሮው ባለሱቅ “ምን ልታዘዝ?” እስኪለኝ የምጠብቅ ሰው፣ ዕለቱን በር ላይ ሆኜ “የወፍጮ ቺንጋ አለ?” እያልኩ ጠየቅሁ። ረጅሙ የለም። የመጨረሻው ባለሱቅ “ለእታፈራሁ ከሆነ ለሷ የሚሆን ከዚህ አታገኚም” አለኝ። እዚህም ያውቋታል።

በባዶ እጄ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጅ አዳማ ላይ እንደ ዝንብ ነው፤ እዚህ ግን የጠጠሩን መንገድ እየነጠረ ሲወጣ የምር ሥራ ይሠራል። መንገዱ ሲያልቅበት ወረድኩና በእግሬ ቀጠልኩ። ለአክስቴ የምናገረውን ንግግር እያዘጋጀሁ ነው። “አክስቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ” ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሦስት ጊዜ ቀያየርኩት።

ጉብታው ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ።

በገጠር የናፍጣ ወፍጮ የጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ይደፋሉ። ሞተሩ ሲሠራ ቆርቆሮው እየጮኸ ወፍጮው ተነስቷል ብሎ ለማዶው ሁሉ ይናገራል። አባቴ በልጅነቴ በአፉ እያስመሰለ ያሰማኝ ነበር። ቆሜ አዳመጥኩ። ከወዲያ ማዶ አህያ የጫኑ ሴቶች ወደ ድምፁ ይወርዳሉ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ሮጥኩ።

የወፍጮ ቤቱ ደጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጆንያ ነው። ውስጡ ሁሉ ነጭ ነው፤ አየሩም ጭምር። አክስቴ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ዱቄት ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ አንድ እጇን የሚወርደው ዱቄት ላይ ዘርግታ መላም አለመላሙን በጣቷ ታያለች። ከኋላዋ አዲሱ ቺንጋ፣ የእኔ ቺንጋ፣ ጥቁር ውኃ መስሎ ይሽከረከራል።

አየችኝ። “መጣሽ! ስልክሽ ለጌጥ ነው?” ብላ ከሞተሩ በላይ ጮኸችብኝ። “ደረሰ ልልሽ ስደውል ዋልኩ!”

“ማን...?”

“ሰይድ ነዋ!”

ጥግ ላይ ጆንያ ላይ የተቀመጠ አጭር ሰው እጁን አነሳ። ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። “ወደ ማሻ የሄደው የአጎቴ ልጅ ሰይድ ነው፤ እሱ የጭነት ጎማ ነው የጫነ” አለኝ ነገሩን ስነግረው፣ እየሳቀ። “እኔ አቀስታ አደርኩ። ዕቃሽን ተንተርሼው ነው የተኛሁ፣ ወላሂ። አንገቴ እስካሁን አልተመለሰም።”

አክስቴ ቀጠለች። “ከተማ ላይ ‘ለኛ ስጠን፣ እናደርስላታለን’ ቢሉት እምቢ ብሎ! ‘ወፍጮ ቤት ይላል፣ ወፍጮ ቤት ነው የማወርደው’ ብሎ ትልቁን መኪና በዚህ በጠጠር መንገድ ይዞልኝ መጣ። መንገዱ ሲያልቅበት ተሸክሞት ወረደ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የደረሰ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ማኑቬላም አብሮኝ ያዞረው እሱ ነው። ይኸው ዛሬም ለእናቱ ገብስ ሊያስፈጭ ተመልሶ፣ ቅደም ብንለው ‘የሚካኤል ይቅደም’ ብሎ ተቀምጧል።”

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት። እኔ አቀስታና መካነ ሰላም መካከል ስልኬ ሲጠራ እያየሁ ሳላነሳው የቀረሁበት ሰዓት ነው። “አግኝልኝ” ብዬ እግዚአብሔርን ስለምን፣ ቺንጋው ገብስ እየፈጨ ነበር።

ያን ቀን ጆንያ አፍ ይዤ እስከ አመሻሽ ዋልኩ። አክስቴ ቺንጋው ሲላላባት ሞተሩን አጥፍታ፣ መፍቻ ይዛ ሥሩ ተኝታ ስታጠብቀው አየሁ። አንድ የኮሚቴ ሰው በር ላይ ቆሞ “እንግዲህ መኪናውን መልሰነዋል” አላት። እሷ ቀና እንኳ ሳትል “ድሮስ ለምን ጠራችሁት?” አለችው። የእሷ ወንድም ልጅ በመሆኔ የኮራሁትን ያህል በምንም ነገር ኮርቼ አላውቅም። ዲግሪዬንም ጨምሮ።

ቅዳሜ

ስለ ንግሡ ብዙ አልጽፍም፤ ንግሥ አይታችኋል። የሚለየው ብርዱና ድምፁ ነው። ውርጩ ገና ሳይሟሟ ታቦቱ ሲወጣ የሕዝቡ እልልታ ከገደሉ ማዶ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለት ሕዝብ ያለ ይመስላል። አዳማ ላይ በድምፅ ማጉያ የምናደርገውን እዚህ ተራራው ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ በዳሱ ውስጥ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ በላ። የገብስ ድፎው ክብደቱ ለሁለት ሰው ነው። አንድም ጆንያ ከተማ አልሄደም። አክስቴ ሻሿን ቀይራ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ዱቄቱ ከጥፍሯ ሥር አልወጣም፤ እሷም ለማውጣት የደከመች አልመሰለኝም።

መምሬ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከምርቃቱ በፊት ተነሱ። “ወፍጯችን ቆሞ ነበር። ይህን እንጀራ የበላነው ቺንጋ ከአዳማ ድረስ ተሸክማ ያመጣች ልጅ ስላለችን ነው። የት አለች? ትነሳና እንመርቃት።”

ሴቶቹ ከግራም ከቀኝም ገፍተው አስነሱኝ። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። ዝም ብዬ ብመረቅ ማንም አያውቅም። ያን ጊዜ ደብተሬ ላይ “ዝምታም ትዕግሥት ነው” ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ፤ አፈርኩበት። ትዕግሥት አልነበረም። ፍርሃት ነበር፤ ነጠላ አልብሼው ነው።

“እኔ አላመጣሁትም” አልኩ። ከኋላ “አይሰማም!” አሉ። “እኔ አላመጣሁትም!” ብዬ ጮክ አልኩ። “እኔ ወረኢሉ ላይ ተኝቼ ነበር። ያመጡት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ሴትና ሹፌሩ ሰይድ ናቸው። እኔ ሰርቀውኛል ብዬ ነበር።”

መምሬ፣ “ሰይድን ዱቄቱን ሲወስድ ፊት ለፊት መርቀነዋል” አሉ። “ለሴትዮዋ ግን ምርቃታችንን የምታደርሽው አንቺ ነሽ። አደራ ብለንሻል።” ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ “አሜን” አለ። ስቀመጥ አክስቴ ጉልበቴን ያዘችኝና አልለቀቀችውም።

ሰኞ

እሑድን ከአክስቴ ጋር ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ከመካነ ሰላም ተነስቼ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። አቀስታ ላይ ቆሎ ሻጯን በመስኮት ጠርቼ፣ “ሰይድ ሁለት ናቸው!” አልኳት። “ኧረ ሦስት ናቸው!” አለችኝ።

ወረኢሉ ስደርስ እትዬ ዘሀራ ደጅ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ፊታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ትሪውን ከጉልበታቸው አወረዱ። ወሎ ውስጥ ይቅርታ ሲጠየቅ የሚባለውን አክስቴ አስተምራኛለች።

“እትዬ ዘሀራ፣ አፉ ይበሉኝ” አልኩ።

“ለምኑ?”

“ሌባ መስለውኝ ነበር።”

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። “አልጋው ሥር ስታዪ አይቼሻለሁ እኮ! ያን የሚያህል ነገር እዚያ ይገባል? ደግሞ ጓዳዬን! ‘ይቺ ልጅ ምን ጠፋት?’ ብዬ ነበር። እንቁላሌን ትተሽብኝ ስትሄጂ ነው የገባኝ።”

“ተቀየሙኝ?”

“ተቀይሜሻለሁ” አሉ፣ ሳቃቸውን አቁመው። “አራት ቀን ተቀይሜሻለሁ። ለእንቁላሉ አይደለም። ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ከፍ አድርገሽ ብትናገሪ ኖሮ፣ ቤቱን ሁሉ ከፍቼ አሳይሽ ነበር። ሰይድን በእግሬ እፈልግልሽ ነበር። ሌባ ነሽ ብትይኝ እንኳ እንጣላና እንታረቅ ነበር። ዝም ብለሽ ወጣሽ። በምን ልመልስልሽ?”

የሚካኤልን ሕዝብ ምርቃት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። “አሚን” አሉ፣ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን እያበሱ። “አፉ ብያለሁ። አሁን ግቢ፤ እንቁላሉን ትበያለሽ።”

ማክሰኞ

ጠዋት ልሄድ ስል እትዬ ዘሀራ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ሐያት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ጨርቅ ተራ ትሠራለች። በሰው ይልኩላታል።

“ጻፊበት” አሉኝ።

እጄ ላይ ያለው ቋጠሮ ቀላል ነው፤ ግን ቺንጋው እንኳ እንደዚህ አልከበደኝም። አራት ቀን የተቀየሙኝ ሴት የልጃቸውን ምግብ ለእኔ እየሰጡኝ ነው። “ለሐያት፣ ጨርቅ ተራ፣ አደራ” ብዬ ጻፍኩ። “ስልኳ አንዳንዴ አይሰራም” አሉ። “ገብተሽ ስሟን ጥሪ። ትሰማለች።”

በአውቶቡሱ ውስጥ ቋጠሮውን ከጭኔ አላወረድኩትም። ደጎሎ ላይ ረዳቱ፣ ያው ፀጉሩ የሸበተው፣ ከላይ ልስቀለው ብሎ እጁን ሲዘረጋ “አይሆንም፣ አደራ ነው” አልኩት። ድምፄ ለራሴም አዲስ ነበር። እሱም ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

መርካቶ የደረስኩት ሱቅ ሊዘጋጋ ሲል ነው። ስልኳ አልሠራም። ጨርቅ ተራ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሰው፣ ጥቅልል ጨርቅ፣ ተሸካሚ፣ ጩኸት። ሰው ለመጠየቅ ወደ አንድ ሱቅ ልገባ ብዬ ተመለስኩ። እትዬ ዘሀራ “ጥሪ” ነው ያሉኝ።

“ሐያት!” አልኩ። ማንም አልሰማም።

ትንፋሼን ሳብኩ። “ሐያት! የወረኢሉዋ ሐያት! የእትዬ ዘሀራ ልጅ!”

መተላለፊያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተሸካሚው ከነሸክሙ ቆመ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ዓይኔን አላወረድኩም። ቋጠሮውን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

ከጨርቁ ክምር ጀርባ፣ እናቷን በሚመስል ድምፅ፣ አንዲት ልጅ “ወዬ!” አለች።